መቶ አርባ ሦስተኛዋ ዶቃ

ፕሮፌሰር ናቺያፓን ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው መዘዙና ወረቀቱ ላይ ያለችውን አንዲት ነጥብ ከበቧት። ይሄ ሰባተኛ ጊዜያቸው ነው። ሰባት ዙር፣ ሰባት ወረቀት፣ ያቺው ነጥብ፣ ያው ቀይ ክብ። ሰውየው አይሰለቻቸውም እኮ!

«ፑንጎዲ፣ ይቺ ነገር አሁንም እዚህ ምን ትሠራለች?» አሉ።

«ቦታዋ ነው ሰር።»

«ቦታዋ ነው ትለኛለች!» ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞር አሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ የላብራቶሪው ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ እሳቸው ሲስቁ አብሮ መሳቅም ከሥራው ይቆጠራል። «ካርታው የተከለከለ ሥፍራ ነው ይላል፣ እሷ ቦታዋ ነው ትላለች። ይህን ካርታ ማን ሠራው? አሜሪካኖች? እዚሁ አገራችን፣ ማድራስ ላይ፣ የእኛው ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሠራው! ዓለም በሙሉ በእኛ ካርታ እየተመራ በእኛ ቤት ቀይ ነጥብ? ትንሽ አታፍሪም?»

ሁሉም ሳቀ። ፑንጎዲ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮቲንን ዶቃ የተሰካበት ረጅም ክር በሉት። ክሩ ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ሥራውንም የሚሠራው በዚያ በተጠቀለለው ቅርጹ ነው። ቅርጹ በዓይን አይታይም፣ በመሣሪያ ልለካው ካሉም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ኮምፒውተር ይገምተዋል። ግምት ደግሞ ግምት ነው፤ አንዱ ጋ ይጨናነቃል፣ ሌላው ጋ ይላላል። ያንን ለማቃናት ዙር ይኬዳል፤ ኮምፒውተሩ ዶቃዎቹን በትንሽ በትንሹ እያነቃነቀ፣ የተጨነቀውን እያላቀቀ ቀናት ይሠራና የተሻለ ቅርጽ ያወጣል። ያንን ወስዶ ደግሞ ሌላ ዙር። በየዙሩ መጨረሻ ካርታው ይታተማል። እያንዳንዷ ዶቃ በላዩ ላይ አንድ ነጥብ ናት፤ አንገቷን በሚመች በኩል ያዞረችው አረንጓዴው ውስጥ ትወድቃለች፣ የተጠማዘዘችው ቀዩ ውስጥ። ቀይ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ! ሁልጊዜ አይደለም። ፑንጎዲ ሦስት ዓመት ሙሉ የጮኸችው ለዚህችው ልዩነት ነው።

ፕሮቲኑ የትል ነው፤ የዝሆኔ ትል። ኩምባኮናም አጠገብ ያለች የፑንጎዲ አክስት በዚያ በሽታ ግራ እግሯ ካበጠ ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ ሠርግ አትሄድ፣ ገበያ አትወጣ፣ ጫማ የሚባል ነገር ከረሳች ቆይታለች። መንግሥት የሚያድለውን ኪኒን በየዓመቱ ትውጣለች። ኪኒኑ ጫጩቶቹን ይፈጃል እንጂ እናትየዋን ትል እምብዛም አይደፍራትም። ፑንጎዲ የያዘችው ፕሮቲን እናትየዋ የምትበላበት ነው። መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለ አፍ አለው፤ የዚያ አፍ ነካሽ ጥርስ መቶ አርባ ሦስተኛዋ ዶቃ ናት። መንከስ እንድትችል አንገቷን አጣማ ነው የተቀመጠችው። ፑንጎዲ በመሣሪያ የተለኩ ሠላሳ አንድ ዘመድ ፕሮቲኖችን አንድ በአንድ አይታለች፤ በሠላሳ አንዱም ያቺ ዶቃ እንዲሁ ጠማማ ናት። ይህንን ለፕሮፌሰሩ አትማ፣ ጠርዛ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አኑራለች። አንብበውት ከሆነ እኔ እዚህ ልቆረጥ።

ዙሩ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ኮምፒውተር ምን ያውቃል? የተጨነቀ ሲያይ ያላቅቃል። እንዲሁ በለቀቁት ቁጥር ያቺን ዶቃ ያቃናታል፤ እሷ ስትቃና ጎረቤቶቿ ይከተሏታል፤ ጎረቤቶቿ ሲከተሏት አፉ ግጥም ይላል። ካርታው ደግሞ ይኼኔ ያምርበታል፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ! ፑንጎዲ ይህን ያወቀችው በሰባተኛው ዙር ነው። ከስምንተኛው ጀምሮ ዶቃዋንና ስድስት ጎረቤቶቿን ባሉበት አሰረቻቸውና ሌላውን ብቻ አቃናች። በአሥራ አራተኛው ዙር የቀረው ሁሉ ተስተካከለ፤ አንዲት ቀይ ነጥብ ቀረች፣ እሷም እውነተኛዋ። ሦስት ዓመት የለፋችበት ነገር ይኸው ነበር።

ከፕሮፌሰሩ ወንበር ጀርባ ደግሞ መቶ ከመቶ ያመጡ አሥራ ሁለት ካርታዎች በመስታወት ተደርገው ተሰቅለዋል። ለአሥራ ሦስተኛው ሚስማሩ ተመቶ ይጠብቃል።

«አሥራ አምስተኛውን ዙር ማሰሪያውን ፈትተሽ አስኪጂው» አሉ።

«አፉ ይዘጋል ሰር።»

«መቶ ያመጣል።»

«አፉ ከተዘጋ መቶው ምን ያደርግልናል? ሃይደራባዶች የሚሞክሩት አፉ ላይ ነው እኮ!»

እውነቷን ነው። ሃይደራባድ ያለ አንድ ቡድን አርባ ሺህ የመድኃኒት ቅመሞችን በተላከለት ቅርጽ አፍ ላይ እየሞከረ፣ የገጠሙትን በእውነተኛዋ ትል ላይ ሊፈትን ቃል ገብቷል። ከየላብራቶሪው አንድ ቅርጽ ብቻ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ። አፉ የተዘጋ ቅርጽ ከሄደ፣ ለሌለ አፍ ጉርሻ ሲፈለግ ይከረምና «ይህ ፕሮቲን አይረባም» ተብሎ ይጣላል። አንዴ ከተጣለ መልሶ የሚያነሣው የለም።

«እባክዎ ሰር፣ ሠላሳ አንዱን ዘመዶች ይመልከቱልኝ» አለች ፑንጎዲ።

ሰዓታቸውን አዩ። የምሳ ሰዓት ደርሷል። «እሺ፣ እሺ፣ ላኪው። ራሴን አመመኝ» ብለው እጃቸውን አወናጨፉ።

እዚያው ሁሉም እያየ ላከችው። ቅጹን የሞላችው ራሷ ናት፣ ምክንያቱም ፕሮፌሰሩ ቅጽ አይሞሉም፤ ስማቸው ብቻ ከሥር በሁለተኛነት ይገባል። እሳቸው ዙሩ ሲጀመርም ሲያልቅም አልነበሩበትም። ስማቸው ግን ከዚያ ቤት በወጣ ወረቀት ሁሉ ላይ አለ። ማንም ለምን ብሎ አያውቅም፤ በሩ በር ነው፣ ስማቸውም ስማቸው ነው።

በማግስቱ የመሣሪያ በዓል ነበር። ማዱራይ ውስጥ በዚያን ቀን ሹፌሩ መኪናውን፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን፣ አናጢው መዶሻውን አጥቦ ያሳርፋል። ላብራቶሪውም እንዲሁ። ማራካታም አካ ጠዋት በርጩማ ላይ ወጥታ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አጠፋች። ማሽኖቹን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ፕሮፌሰሩ ሳይቀሩ «አካ» ይሏታል፣ ታላቅ እህታቸው ባትሆንም። ከዚያ ሁሉም አቧራውን ጠረገ፤ ፑንጎዲ በገዛ እጇ የሰንደል ቅባትና ቀይ ዱቄት እየነከረች የኮምፒውተሯ ግንባርና ቁልፎቹ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረገች። ክፉ ዓይን እንዲርቅ በሩ ላይ ዱባ ተሰበረ፤ ፈንድሻ ሩዝና ሽምብራ ተበላ። ፕሮፌሰሩ ጸሎቱን መርተው ሲያበቁ እንደየዓመቱ ጣታቸውን ቀሥረው አስጠነቀቁ።

«ዛሬ መሣሪያ የሚነካ ሰው የሙያው ጠላት ነው። ነገ ጠዋት በመልካም ጅማሮ እንገናኝ!»

ፑንጎዲ ወደ ተማሪዎች ማደሪያዋ ሄዳ ሙሉ ቀን ተኛች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

በማግስቱ ጠዋት፣ ሁሉም ሥራውን እንደ አዲስ በሚጀምርበት ቀን፣ ፀጉሯ ላይ ጃስሚን ሰክታ ስትመጣ ማራካታምን በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አካ፣ ምን ሆነሻል?»

«ኮምፒውተርሽን እዪው» አለች ማራካታም። «እኔ ምንም አልልም። እዪው ብቻ።»

ፑንጎዲ አየችው። በእጇ ያደረገቻቸው የሰንደል ነጥቦች ቁልፎቹ ላይ ተጨፍልቀዋል፤ ቀዩ ዱቄት እስከ ጠረጴዛው ድረስ ተለቅልቋል። ትናንት፣ በበዓሉ ቀን፣ ሰው ተቀምጦበታል ማለት ነው። አብርታ መዝገቡን ስትከፍት ደሟ ፈላ። ዙር አሥራ አምስት። ማሰሪያ፦ የለም። ሦስት ሰዓት የፈጀ አጭር ዙር። ካርታው፦ መቶ ከመቶ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በፑንጎዲ ስምና በፑንጎዲ የይለፍ ቃል፣ አሥራ አራተኛው ተነሥቶ አሥራ አምስተኛው ሃይደራባድ ተልኳል።

«በእኔ ስም?» አለች። ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። «በእኔ ስም!»

«ቁልፉን ከእኔ ነው የወሰዱት» አለች ማራካታም። «ቤቴ ድረስ መጥተው። "መነጽሬን ረስቼ ነው አካ፣ ደብተሩንም ስጪኝ" አሉኝ። የሁላችሁ የይለፍ ቃል እሱ ላይ አይደል ያለው? እኔ ሞኟ ሻይ አፍልቼ፣ ቁልፍና ደብተር አስይዤ ሸኘኋቸው። እኚህ ሰውዬ እኮ በፊታችን ጸሎት ያደረሱ ናቸው! ዱባ የሰበሩ ናቸው!»

«መዝጊያው መቼ ነው?»

«ዛሬ ስድስት ሰዓት አላልሽኝም?»

አራት ሰዓት ሊሆን ነው። እስከ መዝጊያው ድረስ የላከው ሰው መቀየር ይችላል። ፑንጎዲ ቁጭ አለች፤ ግን ወዲያው አልቀየረችም። በስውር የተሠራባትን በስውር ልትመልሰው አልፈለገችም። ትቀይረውና ከመዝጊያው በፊት ደግሞ ሌላ ቁልፍ፣ ሌላ መነጽር ይመጣል። ሁለቱንም ቅርጾች ከፈተች፤ ትሏ የምትበላውን የምግብ ቅንጣት አሰናዳች፤ ጠበቀች።

አምስት ሰዓት ላይ ፕሮፌሰሩ አዲስ ነጭ ልብስ ለብሰው ገቡ። የላብራቶሪው ሰው ሁሉ ተሰልፎ ለክብር የሚሰጠውን የብጥል ቅጠልና ሙዝ በሳህን እያቀረበ፣ እግራቸውን እየነካ፣ ምርቃት እየተቀበለ ወደየማሽኑ ሄደ። ፑንጎዲ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

«ፑንጎዲ፣ ተነሺ እንጂ ልጄ። በጅማሮ ቀን እንዲህ ነው?»

«ትናንት ማሽኔን ማን ነካው ሰር?»

ሰውየው ቢያፍሩ ምን ነበረበት? ዓይናቸውን በጨው አጥበው «እኔ ነኝ፤ ምን ይሁን?» አሉ። «ልጅ ያጣመመውን አባት ያቃናል። መቶ ከመቶ! ማታውኑ ደውለሽ ታመሰግኚኛለሽ ብዬ ስጠብቅ...»

«በመሣሪያው በዓል?» አለ አንዱ ከኋላ፣ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል አንተ!»

«ሰር፣ ይምጡና ይዩልኝ» አለች ፑንጎዲ። «ይህ እርስዎ ትናንት ያቃኑት ነው። ይቺ ደግሞ ትሏ የምትበላት ምግብ ናት። እናጉርሳት።»

ቁልፏን ተጫነች። ቅንጣቷ በፕሮቲኑ ዙሪያ ዞረች፤ በግራ ሞከረች፣ በቀኝ ሞከረች፣ ተገልብጣ ሞከረች። መግቢያ የለም። ኮምፒውተሩ ሦስት መቶ ጊዜ ሞክሮ ሦስት መቶውንም ጊዜ ውጭ አስቀራት። ቀጥላ አሥራ አራተኛውን ከፈተችና ያችኑ ቅንጣት ለቀቀቻት። ገባች። ጎድጓዳው ውስጥ ተመቻችታ ጠማማዋ ዶቃ ሥር ቁጭ አለች።

«አሁን ይንገሩኝ ሰር» አለች ፑንጎዲ። «ይህቺ የእርስዎ ትል በምን ትበላለች? አፏን ሰፍተውታል እኮ! አክስቴን እያሠቃየች ያለችው ይህቺ አይደለችም፣ ይህቺማ ገና ድሮ በረሃብ ሞታለች!»

አንድ ሰው ሳቀ። ፕሮፌሰሩ ሳይስቁ የሳቀ ሰው በዚያ ክፍል ታይቶ አይታወቅም። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኔን የምታስተምሪኝ አንቺ ነሽ? ካርታው እኮ...»

«ካርታውን የሠሩት ሰው ቀዩ ላይ መቆም ያስቸግራል አሉ እንጂ ማንም አይቆምበትም አላሉም! ለመንከስ ስትል ተቸግራ የቆመች ናት። እርስዎ የሚያመልኩት ካርታውን ነው ወይስ ግድግዳዎን?»

ይሄኔ ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞሮ አሥራ ሁለቱን መስታወቶች አየ። ከመካከላቸው የስንቱ አፍ ተሰፍቶ ይሆን? በክፍሉ ካሉት ሰዎች አራቱ እዚያ የተሰቀለ ሥራ አላቸው፤ የአራቱም ፊት ጠቆረ።

ፕሮፌሰሩ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲቆጡ ከሚያስፈሩት ይልቅ ዝቅ ሲያደርጉ ያስፈራሉ። «ጥሩ። ያንን ጠማማሽን ከላክሽ ስሜ አይኖርበትም። ስሜ የሌለበት ሥራ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። መመረቂያሽንም ማን እንደሚፈርምልሽ አስቢበት።»

ይህችን ነገር ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተናግረዋታል። ሁለቱም ጊዜ የተነገረው ሰው አልቅሶ፣ እግራቸው ሥር ወድቆ፣ ያሉትን አድርጎ ተመልሷል። ፑንጎዲም አሰበችው። ሦስት ዓመት! ፊርማቸው ከሌለ ሦስት ዓመቷ ወረቀት ብቻ ነው። ኩምባኮናም ያለ ዘመድ ሁሉ ዶክተር እያለ የሚጠራት ገና ሳትመረቅ ነው። ወደ ስክሪኑ ዞረች። አፉ የተከፈተው ቅርጽ በዝግታ እየተሽከረከረ ነው።

«እሺ ሰር» አለች።

ቅጹን ከፈተች። አሥራ አምስተኛውን አነሣች፣ አሥራ አራተኛውን መለሰች። ከዚያ የእሳቸው ስም ላይ ሄዳ ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ ማጥፋት ያዘች። ረጅም ስም ነው፤ ከነማዕረጉ። ሰውየው እያዩ አለቀ።

ላክ የሚለውን ስትጫን ቅጹ ቀይ አወጣ፦ «በሥራው የተሳተፈ ሁለተኛ ሰው ስም ይሞላ።»

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። «አየሽ? ለዚህም እኮ ሰው ያስፈልጋል።»

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ፑንጎዲ ዞር ብላ አብረዋት የሚሠሩትን አየቻቸው። አብረዋት ያመሹ፣ ሩዝ የተካፈሉ፣ በሰባተኛው ዙር አፉ መዘጋቱን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዷ ሙዝ ትልጣለች። ሁሉም ነገ የሚያስፈርመው ነገር አለው። አትፈርድባቸውም ልበል? ፈረደችባቸው እንጂ! አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ነው የፈረደችባቸው።

«የእኔን ጻፊ» አለች ማራካታም ከበሩ ጋ።

«አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ማሽኑን ያበራሁ ነኛ! አሥራ አራቱም ዙር ሲሄድ ማን ነው ሲጠብቀው የነበረው፣ እርስዎ ነዎት? መብራት በጠፋ ቁጥር ከቤቴ በባጃጅ እየበረርኩ መጥቼ ከቆመበት ያስነሣሁት እኔ አይደለሁም? ስምንተኛውን ዙር ሁለቴ፣ አሥራ አንደኛውን ሦስቴ አስነሥቻለሁ፤ ይጠይቋት። አሥራ አምስተኛውን ግን አላውቀውም። እሱን የሠራው ቁልፌን ያታለለኝ ሰው ነው። ጻፊ አንቺ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

«አካ፣ ከሥራ ያስወጡሻል» አለች ፑንጎዲ።

«ያስወጡኛ! መብራቱ ሲጠፋ ማን ሊያበራላቸው እንደሆነ አያለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ሳህኖቹን አዩ፣ ሰዉን አዩ፤ ሰዓታቸውንም አዩ።

ፑንጎዲ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ልትጽፍ ስትል ቀጥ አለች። ሃያ ሁለት ዓመት «አካ» የተባለችውን ሴት ሙሉ ስም በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሷም አታውቀውም። አፈረች፤ ዛሬ ከተናደደችው ሁሉ በላይ በራሷ ተናደደች።

«ሙሉ ስምሽ ማነው አካ?»

«ሙቱሳሚ ማራካታም። ሙቱሳሚ አባቴ ነው፤ ቀድሞ ይገባል።»

ጻፈችው። ላከችው። ቅጹ በዚህ ጊዜ ቀይ አላወጣም፤ ተቀብለናል አለና ሁለቱን ስሞች ከላይና ከታች አድርጎ አሳየ። ለስድስት ሰባት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

«ከነገ ጀምሮ ሌላ አማካሪ ፈልጊ» አሉ ፕሮፌሰር ናቺያፓን።

«ከዛሬ ጀምሬ ነው የምፈልገው ሰር» አለች ፑንጎዲ።

ነጭ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። እንደ ልማዱ ግማሹ ሰው ተነሣላቸው፣ ግማሹ አልተነሣም። ማራካታም እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ማንበብ የምትችለው ቀስ ብላ ነው፤ በጣቷ እየተከተለች የራሷን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አነበበች።

«አባቴን አስገባሽው» አለች።